በዘበኛ ወገብ ላይ የሚያረጅ ጥይት

አስቀድሞ የገባው ዕቃ አስቀድሞ ይውጣ የሚለው የመጋዘን ሥርዐት ለነጋዴ አዲስ ትምህርት አይደለም። ዱቄት የሚያከማች፣ ዘይት የሚያስመጣ፣ መድኃኒት የሚያከፋፍል ሁሉ አዲሱን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት አድርጎ ይደረድራል፤ በየጊዜውም የሣጥኑን ቀን እያነበበ ይመረምራል። ይህን ያላደረገ ነጋዴ ኪሳራውን በዓመቱ መጨረሻ በሒሳቡ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። በዚያው መጋዘን ደጃፍ ላይ ግን ማንም ቀኑን የማይጠይቀው፣ ማንም የማያዛውረው አንድ ንብረት አለ፤ እርሱም በዘበኛው ሽጉጥና ዝናር ውስጥ ያለው ጥይት ነው።

በብዙ ድርጅቶች የንብረት መዝገብ ላይ «ሽጉጥ 1፣ ጥይት 8» የሚል መስመር ይገኛል። በቈጠራ ጊዜ ንብረት ያዡ ይመጣል፤ ዘበኛው ጥይቱን ከፊቱ ይደረድርለታል፤ ስምንት ሆኖ ይገኛል፤ ፊርማ ይደረጋል። ይህ ቈጠራ ጥይት አለመጥፋቱን ይናገራል እንጂ ጥይቱ ደኅና ስለ መሆኑ የሚናገረው ነገር የለም። ስምንቱ ጥይቶች ከስድስት ዓመት በፊት የተሰጡት እነዚያው ስምንቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ከእነርሱም አንዱ በክፉ ሌሊት ሊከሽፍ፣ ከዚህም በከፋ ሁኔታ ሽጉጡን በዘበኛው እጅ ላይ ሊሰነጥቀው የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ቍጥሩ ምንጊዜም ልክ ነው።

እርግጥ ነው፤ ሱቅ ያለው ሁሉ የጦር መሣሪያ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ለአብዛኛው ባለሱቅ ጠንካራ መዝጊያ፣ በቂ መብራትና የማያንቀላፋ ዘበኛ ይበቃዋል። ይህ ትምህርት የሚመለከተው በሕግ ፈቃድ የታጠቀ ጥበቃ ያላቸውን ነው፤ ይኸውም ገንዘብ የሚያጓጕዙትን፣ ጭነት በሩቅ መንገድ የሚያሳጅቡትን፣ ከከተማ ውጭ የቡና ወይም የቆዳና ሌጦ መጋዘን ያላቸውን ነው። መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች ስለ መለወጥና ስለ ማስወገድ የሚነገረው ሁሉ ፈቃድ ሰጪው ክፍል እያወቀው የሚፈጸም መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የጥይት አሠራር በአጭሩ

ጥይት አራት ነገሮች በአንድነት የተገጣጠሙበት ዕቃ ነው። ሁሉን የሚይዘው ቀለህ ነው፤ በቀለሁ ሥር መካከል ላይ ትንሽ ክብ መለኮሻ ተገጥማለች፤ በቀለሁ ውስጥ ባሩድ አለ፤ በአፉ ላይ ደግሞ ዐረሩ ተሰክቷል። ቃታ ሲሳብ መርፌው መለኮሻዋን ይመታታል፤ በውስጧ ያለው ቅመም ብልጭ ይልና ባሩዱን ያቀጣጥለዋል፤ ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝም ዐረሩን ገፍቶ ያስወጣዋል። ቀለሁ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እጅ መዳብና ከ30 እጅ ዚንክ የተቀላቀለ ናስ ነው። የክላሽንኮቭ ጥይት ግን ብዙውን ጊዜ ቀለሁ ብረት ሆኖ ዝገት እንዳይበላው ቀለም መሰል ሽፋን ይቀባል።

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው አንድ ነገር አለ። ዐረሩን በቦታው የያዘው በይበልጥ የቀለሁ አፍ አጥብቆ መንከሱ ነው፤ በብሎን አልታሰረም። ከዐረሩ በታች ለባሩዱ የቀረው ክፍት ቦታም በፋብሪካ የተለካ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ዐይነት ጥይት ርዝመት የታወቀ ነው፤ 9 ሚሊ ሜትር በ19 የሚባለው የሽጉጥ ጥይት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ29.69 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የማካሮቭ ጥይት ከ25፣ የክላሽንኮቭም ከ56 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ርዝመቱ ሲያጥር ዐረሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ለባሩዱ የተለካውም ቦታ ጠቧል ማለት ነው።

የፈረቃ ርክክብና የላይኛዋ ጥይት

ጥይትን ከዕድሜው ይልቅ የሚጎዳው ልማድ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሽጉጥ ብቻ ያለው፣ ሁለት ዘበኞችም በቀንና በሌሊት የሚፈራረቁበት መጋዘን ይወሰድ። ማታ በ12 ሰዓት የሌሊቱ ዘበኛ ሽጉጡን ተረክቦ ያቀባብላል፤ በካዝናው አናት ላይ ያለችው ጥይትም ወደ አፈሙዙ ሥር ትጎርሳለች። (ካዝና ሲባል እዚህ የገንዘቡ ሳይሆን የጥይቱ መሆኑ ግልጽ ነው።) ጧት በ12 ሰዓት ሽጉጡን ለማስረከብ ጥይቷን ያወጣታል፤ መልሶም እዚያው ካዝናው አናት ላይ ያስገባታል። የቀኑም ዘበኛ እንደዚሁ አቀባብሎ ይቆይና ማታ ያወጣታል። በዚህ ዐይነት ያችው አንዲት ጥይት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በወር 60 ጊዜ፣ በዓመትም 730 ጊዜ ትጎርሳለች። የቀሩት ሰባቱ ከታች ሆነው ሳይነኩ ይከርማሉ።

በክፉ ሰዓት መጀመሪያ የምትተኰሰው ግን ያችው የላይኛዋ ናት። ከስምንቱ ሁሉ ይልቅ የተደበደበችው፣ ከስምንቱም ሁሉ በፊት የምትፈለገው እርሷ ሆነች ማለት ነው። ማንም መጋዘን ያዥ በሌላ ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ሥርዐት ቢያይ ዝም አይልም።

ጥይቷ በጎረሰች ቍጥር የዐረሩ አፍንጫ ከብረቱ ጋር ይላተማል። አንዱ መላተም የሚያደርሰው ጕዳት በዐይን አይታይም፤ የመቶው ግን ይታያል። ዐረሩ እያደር ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰጥማል። ባሩዱ ያው ሆኖ ቦታው ሲጠብበት የጋዙ ግፊት ይንራል። በአጫጭር የሽጉጥ ጥይቶች ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ መስጠም እንኳ ግፊቱን ወደ እጥፍ ሊያደርሰው እንደሚችል በአምራቾች ሙከራ ታይቷል። ሽጉጡ ደግሞ ለእጥፍ ግፊት አልተሠራም። ቀለሁ ይቀደዳል፤ ካዝናው ተገፍቶ ይወድቃል፤ ሲከፋም ብረቱ ይሰነጠቃል። ከዚህ ሁሉ የሚጠጋው የዘበኛው እጅና ዐይን ነው።

ሁለተኛው ጕዳት በመለኮሻዋ ላይ ነው። በመለኮሻዋ ውስጥ ያለው ቅመም ደርቆ የተጋገረ ስለ ሆነ በተደጋገመ ንቅናቄ ሊፈረፈር ወይም ከቦታው ሊላቀቅ ይችላል። እንዲሁም በክላሽንኮቭና በሲሞኖቭ ጠመንጃ ውስጥ መርፌው በሽቦ ወደ ኋላ የተያዘ አይደለም፤ በቦታው ልቅ ሆኖ የሚንሸራተት በመሆኑ ጠመንጃው በተቀባበለ ቍጥር መለኮሻዋን ጫፍ ጫፍ ያደርጋታል። በብዙ ጊዜ የጎረሰ ጥይት ሥር ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ የምትታየው ከዚህ የተነሣ ነው። እንዲህ ያለችው ጥይት ቃታ ሲሳብ ቀጭ ብላ ልትቀር ትችላለች። ዛሬ ስለ ዕቅድና ስለ ድርድር ሁሉ «ከሸፈ» የሚባለው ቃል ለጠመንጃ የሚነገር መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ የመክሸፍ ትርጕሙ በሌሊት ከሌባ ፊት ለፊት ቆሞ የሚሰማ ባዶ ድምፅ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወጪም የለበትም። የመጋዘን ዘበኛ ሽጉጥ ጥይቱ በካዝናው ውስጥ፣ አፈሙዙ ግን ባዶ ሆኖ እንዲያዝና እንዲሁ ሆኖ እንዲረካከቡት ማዘዝ ነው። በዚህ ትእዛዝ ጥይቱ ከመደብደብ ይድናል፤ በርክክብ ሰዓትም ሳይታሰብ የሚፈነዳ ጥይት አይኖርም። በሥራው ጠባይ ምክንያት ማቀባበል ግዴታ የሚሆንበት፣ ለምሳሌ ገንዘብ የሚያጅብ ጥበቃ ከሆነ፣ የወጣችው ጥይት ተመልሳ ካዝናው አናት ላይ መግባት የለባትም፤ ከሥር ትገባለች፣ ወይም ተለይታ ትቀመጣለች። በጎረሰች ቍጥር በቀለሁ ጎን ላይ በማርከር አንድ ነጥብ ይደረግባታል፤ ሦስት ነጥብ የያዘች ጥይት ከእንግዲህ የዘበኛ ጥይት አይደለችም። ነጥቡ በመለኮሻዋ ላይ እንዳያርፍ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ጥይትን ከውጭ የሚበሉት

የቆዳ ዝናር የጀግና ጌጥ ነው፤ ለጥይት ግን ክፉ መኖሪያ ነው። ቆዳ ሲለፋ የገባበት አሲድ በውስጡ ይቀራል፤ ላብና የክረምት እርጥበት ሲጨመርበት ከናሱ ጋር ተዋሕዶ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ዝገቱ በመጀመሪያ ጥይቱን ከዝናሩ ጋር ያጣብቀዋል፤ ቆይቶም ቀለሁን ይቦረቡረዋል። ስለዚህ ዘበኛው በበዓል ቀን ዝናሩን ቢታጠቅ የሚከለክለው የለም፤ ጥይቱን ግን ዓመቱን ሁሉ በቆዳ ውስጥ ሊያከርመው አይገባም።

ለቆዳና ሌጦ ነጋዴዎች፣ ለቁም ከብት ላኪዎችና ማዳበሪያ ለሚያከማቹ ደግሞ ከዚህ የሚብስ ጠላት አለ፤ እርሱም አሞኒያ ነው። በሕንድ አገር የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናሙ ወራት ጥይቱን በፈረስ ጋጥ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ ክረምቱ ሲያልፍ የናሱ ቀለሆች ያለ ምንም ምት ከአፋቸው ተሰነጣጥቀው ይገኙ ጀመር። ነገሩ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በ1921 እ.ኤ.አ. ምክንያቱ በሚገባ ተገለጠ። ናሱ በፋብሪካ ሲጎተትና ሲጠፈጠፍ በውስጡ ውጥረት ይቀራል፤ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከእርጥበት ጋር ሆኖ ይህን የተወጠረ ናስ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎች የቀለሁን አፍ በእሳት እያለሰለሱ ውጥረቱን ስለሚቀንሱለት አደጋው እጅግ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ጥሬ ቆዳ በተከመረበት ወይም ከብት በታጎረበት ግቢ የገባ ሰው ዐይኑን የሚቈጠቍጠው ሽታ ከሞላ ጎደል ይኸው አሞኒያ ነው። የዘበኛው ማደሪያ በዚያው ግቢ፣ ትርፍ ጥይቱም በዚያው ማደሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሆነ፣ በሕንድ አገር የታየው ሁሉ እዚህም የማይታይበት ምክንያት የለም። ትርፍ ጥይት አየር በማያስገባ ቆርቆሮ ተከቶ፣ ከቆዳው መጋዘን ርቆ፣ በቢሮ ቍልፍ ሥር መቀመጥ አለበት። አሞኒያ ባለበት የናስ መወልወያ ጥይቱን የሚያብለጨልጭ ትጉህ ዘበኛም ሳያውቅ ያንኑ መርዝ በእጁ ይቀባል። የሚያብረቀርቅ ጥይት የጎብኚን ዐይን ደስ ያሰኛል፤ ቀለሁን ግን ያቀጥነዋል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ከአዋሽ ወደ ገላፊና ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን ጭነት የሚያጅቡ ደግሞ ሙቀትን መፍራት አለባቸው። በፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። የዛሬው ጭስ የለሽ ባሩድ ከተፈጥሮው የማይረጋ በመሆኑ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ፋብሪካዎችም ይህን የሚያግድ ቅመም ይጨምሩበታል፤ ሙቀት ግን ያን ቅመም ፈጥኖ ይጨርሰዋል። ኢየና የተባለችው የፈረንሳይ የጦር መርከብ በመጋቢት 1907፣ ሊበርቴ የተባለችውም በመስከረም 1911 እ.ኤ.አ. በቱሎን ወደብ ፈንድተው ብዙ መቶ ሰዎች ያለቁት በመርከቦቹ ውስጥ የተከማቸው ባሩድ በመበላሸቱ ነው ተብሎ ይታመናል። እርግጥ በመኪና ኪስ ውስጥ ያሉ ጥቂት ጥይቶች እንደ መርከብ አይፈነዱም፤ ነገር ግን ኀይላቸው ይዛባል። አንዱ ደክሞ፣ ሌላው በርትቶ ይወጣል። ስለዚህ ጥይት በመኪናው መስተዋት ሥር ወይም በመሣቢያው ውስጥ ተትቶ አይታደርም፤ ከአጃቢው ጋር ይወርዳል።

ዘይትም እንደዚሁ ነው። ሽጉጡን መቀባት ተገቢ ሲሆን ጥይቱንና የካዝናውን ውስጥ መቀባት ግን አይገባም፤ ቀጭን ዘይት በመለኮሻዋ ዙሪያ ሰርጎ ቅመሙን ሊያደክመው ይችላልና። የታሸገ ጥይት ይህን ይቋቋም ይሆናል፤ ሽፋኑ የተፋቀ ግን አይቋቋምም። የረጠበን ጥይት በምድጃ ዳር ወይም በጠራራ ፀሐይ አድርቆ መልሶ መታጠቅም የሚታይ ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ በእርጥበቱ ላይ ሙቀትን መጨመር ነው።

ድምፁ ያነሰው ተኵስ

የከሸፈ ጥይት ሁሉ የሞተ አይደለም። ቃታ ተስቦ ጥይቱ ዝም ሲል፣ አፈሙዙን አደጋ ወደማይደርስበት አቅጣጫ እንደያዙ ቢያንስ 30 ሰከንድ መቆየት ያስፈልጋል፤ መለኮሻዋ ዘግይታ ልትቀጣጠል ትችላለችና። ወደ አፈሙዝ ውስጥ ማየት ፈጽሞ አይገባም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ከወትሮው ያነሰ ድምፅና ያነሰ ምት ያለው ተኵስ ነው። እርጥበት የገባበት ወይም የፈረሰ ባሩድ ዐረሩን ለማስወጣት የሚበቃ ኀይል ሲያጣ፣ ዐረሩ መንገድ ላይ ተሰንቅሮ በአፈሙዙ ውስጥ ይቀራል። ዘበኛው ይህን ሳያውቅ ሁለተኛውን ቢተኵስ፣ የሚከተለው ዐረር ከቆመው ዐረር ጋር ይጋጭና አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ስለዚህ ዘበኛ ሁሉ ሊማረው የሚገባ አንድ ትእዛዝ ቢኖር፣ ድምፁ ካነሰ ሁለተኛ እንዳይተኵስ የሚለው ነው። መሣሪያው ባለሙያ አይቶ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ አይነካም።

ከየት የመጣ ጥይት?

በኢትዮጵያ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ የዞረበት ዘመን ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መጨረሻ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ይቈጠር ነበር፤ ባለገበያው ለማርና ለበርበሬ ይቀበለው ነበር። ለገንዘብነቱ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ አልጎዳውም ይሆናል፤ ለጥይትነቱ ግን በስንት ሰው መቀነት፣ በስንት ዝናብ እንዳለፈ ማንም አያውቅም ነበር። ዛሬም ከዚህም ከዚያም የተለቀመ ጥይት በድርጅት ካዝና ውስጥ ሲገኝ ነገሩ ያው ነው፤ ሕገ ወጥነቱ ሳይነሣ በፊት ታሪኩ የማይታወቅ ዕቃ ነው።

የጥይቱን የመጀመሪያ ታሪክ የሚናገረው በቀለሁ ሥር ዙሪያ የተቀረጸው ምልክት ነው። በሶቪየት ኅብረት ዘመን በተሠሩት ላይ በላይ የፋብሪካው ቍጥር፣ በታች ደግሞ የተሠራበት ዓመት ሁለት አኃዝ ይነበባል። በአንድ ካዝና ውስጥ አራት ዐይነት ምልክት ያላቸው ጥይቶች ከተገኙ፣ ከአራት ቦታ የመጡ ናቸውና መለየት አለባቸው። የማካሮቭንና የሌላውን 9 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ አድርጎ ማየትም የታወቀ ስሕተት ነው፤ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ የማካሮቩ ዐረር ይወፍራል፣ ቀለሁም ያጥራል።

ይሁን እንጂ የተሠራበት ዓመት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ጥይት ሁለት ዕድሜ አለው፤ አንዱ የፋብሪካ ዕድሜ፣ ሁለተኛው የወገብ ዕድሜ ነው። በፋብሪካው እሽግ፣ በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ የተቀመጠ ጥይት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ከእሽጉ ወጥቶ በወገብ ላይ የዋለ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ብዙ የፖሊስ ድርጅቶች የታጠቁትን ጥይት በዓመት አንድ ጊዜ የሚለውጡት ስለዚህ ነው። ነጋዴውም ይህን ልማድ ቢከተል ለስምንት ጥይት የሚያወጣው ገንዘብ ከአንድ ጐማ ዋጋ ጋር እንኳ የሚወዳደር አይሆንም።

የምርመራው አፈጻጸም

ምርመራውን የሚያደርገው ፈቃድና ሥልጠና ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ይህን ሥራ ለመዝገብ ጸሐፊው መስጠት አይገባም። አሸዋ የተሞላ በርሜል በግቢው ጥግ ይቁም፤ መሣሪያ ሲራገፍ አፈሙዙ ወደዚያ ይዙር። አስቀድሞ ካዝናው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መሣሪያው ተስቦ በአፈሙዙ ሥር ያለችው ጥይት ትወጣለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው፤ ካዝናው ሳይወጣ መሣሪያው ቢሳብ አንዷ ወጥታ ሌላዋ ትጎርሳለች፤ ሰውየው ግን ባዶ መስሎት ቃታውን ይስባል። መሣሪያው ባዶ መሆኑ በዐይንም በጣትም ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰድ።

ጥይቶቹ በቀን ብርሃን በነጭ ጨርቅ ላይ ይደርደሩና አንድ በአንድ ይጠረጉ። ቡና ላኪ ናሙና ሳያስቀር ጭነት እንደማይልክ ሁሉ፣ ከአንድ እሽግ የወጣች፣ ያልታጠቀች አንዲት ጥይት በናሙናነት ትቀመጥ። የሚመረመረው ጥይት ከናሙናው ጋር በመስተዋት ላይ ጎን ለጎን ይቁምና በሁለቱ ጫፍ ላይ ማስመሪያ ይጋደም፤ ማስመሪያው ካዘመመ አንደኛው ዐረር ሰጥሟል። ካሊፐር ያለው በካሊፐር ይለካ። ዐረሩ በአውራ ጣት ሲገፋ የሚነቃነቅ ከሆነ ልኩንም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ይውጣ። የሰጠመውን ዐረር በፒንሳ ስቦ ወደ ቦታው መመለስ ግን ከመጀመሪያው ጕዳት የባሰ ነው።

በናስ ላይ የሚታየው ቡናማ ጥቁረት የዕድሜ መልክ ስለ ሆነ አያስፈራም። አረንጓዴ ቅርፊት፣ በጥፍር ሲነካ የሚሰማ ጕድጓድ፣ በአፉ ላይ የፀጕር ያህል ስንጥቅ፣ በጎኑ ላይ የመጎርጎድ ምልክት ግን ጥይቱን ከሥራ ያስወጣሉ። በብረት ቀለህ ላይ ሽፋኑ ተፍቆ ቀይ ዝገት ከታየ እንደዚሁ ነው። መለኮሻዋ ከቀለሁ ሥር ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ያለች መሆን አለባት፤ ወጣ ያለች፣ ነጥብ ያረፈባት ወይም በዙሪያዋ አረንጓዴ ቀለበት የታየባት አትታመንም። ጥይትን በጆሮ አጠገብ እያንቀጫቀጩ ባሩዱን እናዳምጣለን የሚሉ አሉ፤ ድምፁ ግን ከጥይት ጥይት ስለሚለያይ ከዚህ የሚገኝ ዕውቀት የለም።

በወር አንድ ጊዜ እንዲህ ማየት አይከብድም። ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱም ካለፈ በኋላ በመስከረም ረዘም ያለ ምርመራ ቢደረግ መልካም ነው።

በመዝገቡ ላይ «ጥይት 8» የሚለው መስመር ይቅርና በምትኩ ለእያንዳንዱ እሽግ የቀለሁ ምልክት፣ ከእሽግ ወጥቶ የታጠቀበት ቀን፣ የተመረመረበት ቀንና የወጣበት ምክንያት ይጻፍ። የወጣው ጥይት በመሣቢያ ውስጥ ተጥሎ አይቀመጥም፤ ከደኅናው ጋር ተመልሶ ይቀላቀላልና። «አይታጠቅም» የሚል ጽሑፍ ባለበት ቆርቆሮ ተቈልፎ ይቆይና ለፈቃድ ሰጪው ክፍል ወይም ለፖሊስ በደረሰኝ ይመለስ። ወደ እሳት መጣል፣ በመዶሻ መፍታት፣ በሽንት ቤት ጕድጓድ መጨመር፣ ለወዳጅ መስጠት፣ እነዚህ ሁሉ ወይ ሰው ያቈስላሉ ወይ በሕግ ያስጠይቃሉ።

ኀላፊነቱ የማን ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጕዳት ኀላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ በአሮጌ ጥይት ምክንያት ጣቱን ያጣ ዘበኛ ጥይቱ ለምን እንዳረጀ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ነጋዴው በበኩሉ የምርመራ መዝገብ ማቅረብ ካልቻለ ስሙንም ገንዘቡንም ይጎዳል።

ዛሬ ግን ብዙ ድርጅቶች ዘበኛ የሚያገኙት ከጥበቃ አቅራቢ ድርጅቶች ነው። በዚህ ጊዜ የዘበኛው አሠሪ አቅራቢው ስለ ሆነ ነጋዴው ነገሩ የማይመለከተው ሊመስለው ይችላል፤ አቅራቢው ደግሞ ጥይቱ በደንበኛው ግቢ ውስጥ ስለሚውል ደንበኛው ያየዋል ብሎ ይተዋል። በሁለቱ መካከል ጥይቱን የሚያየው ይጠፋል። ብዙ ውሎች የዘበኛውን ቍጥር፣ የደንብ ልብሱን ቀለምና የወር ክፍያውን በዝርዝር ሲያስቀምጡ ስለ ጥይቱ አንድ ቃል አይናገሩም። ውሉ በሚታደስበት ጊዜ አቅራቢው ጥይቱን በየወሩ የሚመረምር፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚለውጥ፣ የምርመራውን መዝገብ ግልባጭም ለደንበኛው የሚሰጥ መሆኑ በአንድ አንቀጽ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ግልባጭ እስኪደርስም የመጀመሪያው ክፍያ ይቆይ።